እንጀራና ጥሪ በፊላደልፊያ

በሰሜን ፊላደልፊያ፣ አሥራ ዘጠነኛው ጎዳናና ኦክስፎርድ ጎዳና በሚገናኙበት ጥግ፣ አርጅቶ የተተወ የፖሊስ ጣቢያ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሕንፃውን የሚያውቀው በእስር ቤትነቱ ነው። በ1964 መጀመሪያ ላይ ግን ያው በር ተከፈተና ሰዎች በገዛ እግራቸው፣ ተመዝግበውና ተራ ጠብቀው ይገቡበት ጀመር። ከተማው ቤቱን በዓመት 1 ዶላር አከራየ፤ ክፍሎቹ ጸዱ፤ የማሽን ሥራ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የሥዕላዊ ንድፍ፣ የልብስ ስፌትና የምግብ ቤት ሙያ ይሰጥባቸው ጀመር። ይህን ያሰበው የከንቲባ ጽሕፈት ቤት አልነበረም፤ የፋብሪካ ባለቤትም አልነበረም። የጽዮን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩት ቄስ ሊዮን ሱሊቫን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራ ያጣ ሰው ወደ እምነት ቤት ሲሄድ ምን ያገኛል? ጸሎት ያገኛል። ማጽናኛ ያገኛል። ቤቱ ደግ ከሆነም የሚቀመስ አያጣም። ሥራውን ግን ከሌላ ቦታ እንዲፈልግ ይተዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ ነገር ግን የትልልቆቹ ሃይማኖቶች ትምህርት በዚህ ላይ የሚቆም አይደለም። በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ዳቦ መስጠትን አይደለም፤ ለወደቀው ሰው ብድር መስጠትን፣ ከእሱ ጋር መሸረክን ወይም ሥራ ማስያዝን ነው፤ ዳግመኛ የሰው እጅ እንዳያይ። በእስልምናም የታወቀ ሐዲስ አለ። አንድ ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ ሙሐመድ ይመጣል። ቤቱ ምን እንዳለ ይጠይቁታል፤ አንድ ጨርቅና አንድ ዋንጫ ብቻ ነው። ሁለቱንም ለጨረታ አቅርበው በሁለት ዲርሃም ይሸጡለታል። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ ይገዛል። እጀታውን ነቢዩ ራሳቸው በእጃቸው አስገብተውለት፣ እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥና ለ15 ቀን እንዳይታይ ይነግሩታል። ሲመለስ አሥር ዲርሃም ይዞ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚነካው የእጀታው ነገር ነው። ምክር ሰጥቶ ማሰናበት ይቻል ነበር።

ፊላደልፊያ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የምትናገር ከተማ ናት። ኩዌከር የተባለው የክርስትና ወገን አባል የነበረው ዊልያም ፔን በ1682 ሲቆረቁራት ስሟን የወንድማማች ፍቅር አለው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ስሟን «ፊልድልፍያ» ብሎ ከዮሐንስ ራእይ ያውቀዋል፤ በዚያ ስም በምትጠራ ከተማ ለነበረችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን የተላከው መልእክትም ማንም ሊዘጋው ስለማይችል የተከፈተ በር ነው። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ግን በ1950ዎቹ ለጥቁር ነዋሪዎቿ ብዙ በሮችን ዘግታ ነበር።

ሱሊቫን የተወለዱት በ1922 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ፣ በድሀ ሰፈር ነው። ገና ልጅ ሳሉ በአንድ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ፊት ኮካ ኮላ ሊገዙ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ ግዙፍ ነጭ ሰው መጥቶ ጥቁር እዚያ እንደማይቀመጥ፣ እንዲቆሙ አዘዛቸው። ያን ቀን የተሰማቸውን እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ይናገሩት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ካለው ነገር ጋር ቆመው እንደሚታገሉ ለራሳቸው ቃል ገቡ። በስፖርት ያገኙት የኮሌጅ ነፃ ትምህርት ዕድል በጉዳት ሲቀር ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ገብተው እየሠሩ ተማሩ። ያሳደጓቸው አያታቸው በሞት አልጋ ላይ ሆነው ወገኖቻቸውን እንዲረዱ አደራ አሏቸው። ሱሊቫን ጥሪያቸውን የሚቆጥሩት ከዚያች አልጋ አጠገብ ነው።

ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ፤ እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጆሮ የሚያቆም ስም ይመጣል። በሀርለም ረዳት ሆነው ያገለገሉባት ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ባፕቲስት ትባላለች። እንደ ራሷ ታሪክ በ1808 የተመሠረተችው ጥቁር አምላኪዎችን ለብቻ በሚያስቀምጥ ቤተ ክርስቲያን አንቀመጥም ብለው በወጡ ሰዎች ነው፤ ከመካከላቸውም ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እንደነበሩ ይነገራል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ሱሊቫን እዚያ ሳሉ የኑሯቸውን ወጪ የሸፈኑት ከሕዝብ ስልኮች ሣጥን ሳንቲም በመሰብሰብ ሥራ ነበር። ወደ ፊላደልፊያዋ ጽዮን ባፕቲስት በ1950 ሲመጡ ዕድሜያቸው ሠላሳ አልሞላም። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ድምፃቸው የሚያስገመግም ሰው ነበሩ፤ ኋላም «የጽዮን አንበሳ» የሚል ስም ወጣላቸው።

የሰፈራቸው ወጣቶች ችግር ግን በስብከት የሚፈታ አልነበረም። ጥቁሮች በየቀኑ የሚገዙትን ዕቃ የሚያመርቱ ድርጅቶች ጥቁር ሾፌር፣ ጥቁር ጸሐፊ አይቀጥሩም። በ1960 ሱሊቫንና ባልንጀሮቻቸው፣ ወደ 400 የሚጠጉ የጥቁር አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች፣ አንድ ዘዴ ቀየሱ። ሊቀ መንበር የለውም፤ ቃለ ጉባኤ አይያዝለትም፤ ገንዘብ ያዥ የለውም። ጥቂት ቄሶች ተመርጠው ወደ ድርጅቱ ይሄዳሉ፤ ስንት ጥቁር ሠራተኛ በየትኛው ቦታ እንዲቀጠር እንደሚፈልጉ በጨዋነት ይነግራሉ፤ ቀን ይቆርጣሉ። እምቢ ካለ በሚቀጥለው እሑድ በ400 መድረኮች ላይ አንድ ማስታወቂያ ይነበባል፦ የዚህን ድርጅት ዕቃ አትግዙ። ስሙንም «መርጦ መግዛት» አሉት።

የመጀመሪያው ታላቅ ፈተና ቴስቲ ቤኪንግ የተባለው ኬክ አምራች ድርጅት ነበር። ጥያቄው ትንሽ ነበር፤ ጥቂት ሾፌሮች፣ ጥቂት የቢሮ ሠራተኞች፣ ኬኩ ክሬም በሚቀባበት ክፍል ጥቂት ሴቶች። ድርጅቱ አልተቀበለም። የከተማዋ ትልልቅ ጋዜጦች ስለ አድማው ዝም አሉ፤ ነገር ግን አድማው ጋዜጣ አላስፈለገውም፤ ወሬው ከአምልኮ ወደ ምሳ ማዕድ፣ ከማዕድ ወደ ሱቅ ይሄዳልና። ሁለት ወር ገደማ በኋላ ድርጅቱ የተጠየቁትን ሰዎች ቀጠረ፤ አድማው እንዳበቃም በዚያው መድረክ ተነገረ። ፔፕሲ ኮላ ሲጠየቅ ከዚያ በጣም ባጠረ ጊዜ እሺ አለ። እስከ 1963 ድረስ ዘመቻው ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ሄደ። ማርቲን ሉተር ኪንግም ከሱሊቫን ተምረው ድርጅታቸው በአትላንታ ተመሳሳይ ዘመቻ ጀመረ።

ይህ የእምነት ማኅበረሰብ ሌላ ማንም የሌለውን ኃይል ያሳያል። መንግሥት ሕግ ያወጣል፤ ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ስም ይመዘግባል። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቃል፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ መቶ ሺዎችን የሚያነጋግር ግን መድረክ ነው።

ዳሩ ግን ድሉ አዲስ ሐፍረት ይዞ መጣ። ድርጅቶቹ በሩን ከፈቱና «እንግዲህ የሠለጠነ ሰው አምጡ» አሉ። ሱሊቫን ዞር ብለው ቢያዩ የሚያቀርቡት ሰው ጥቂት ሆነ። ሙያ የሚያስተምሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ለጥቁሮች ዝግ ነበሩ፤ የተከፈተው በር ውስጥ የሚገባ ካልተዘጋጀ፣ ቁጣው ወደ ራስ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ነው አሮጌው እስር ቤት ትምህርት ቤት የሆነው። ስሙን ኦፖርቹኒቲስ ኢንዱስትሪያላይዜሽን ሴንተር፣ በአጭሩ ኦ.አይ.ሲ. አሉት። ሊማር የሚፈልገው ሰው ብዛት ከቦታው በላይ ሆነና የተጠባባቂው ስም በሺዎች ተቆጠረ።

ከኦ.አይ.ሲ. ሁሉ ብልኅ የሆነው ከሙያ ሥልጠናው በፊት ያለው ክፍል ነበር። ገባር ወንዝ ትልቁን ወንዝ እንደሚመግብ ሁሉ፣ ሠልጣኙ መጀመሪያ በዚህ በኩል ያልፋል። ማንበብና ሒሳብ ይከልሳል። ለቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚቀርብ፣ እንዴት እንደሚለብስ፣ ሰዓት እንዴት እንደሚያከብር ይማራል። ከዚህ ጋር ደግሞ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ይማራል። አንድ ሰው ቶርኖ ሊማር መጥቶ ታሪክ ለምን ያስፈልገዋል? ሱሊቫን ያሰቡት እንዲህ ነው፦ ሕይወቱን ሙሉ «አትችልም» የተባለ ሰው ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ስለ ራሱ የያዘው አሳብ መታከም አለበት። ይህ ካልሆነ ሙያው እጁ ላይ ቢኖርም ደጃፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባወጁት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለ ሙያ በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር፤ ክርክራቸውም ከሃይማኖት የተነሣ ነው፤ ሁሉም የአንድ አዳም ልጅ ነው፣ ሰው የተፈረደበትም ጥሮ ግሮ እንዲበላ ነው የሚል። አዋጁ ቢወጣም የእጅ ሙያን መናቅ ገና ከመካከላችን ጨርሶ አልጠፋም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በፊላደልፊያ ለምን ከመዶሻው በፊት ስለ ክብር እንደተማሩ ይገባዋል።

ሱሊቫን ስለ ገንዘብም ያሰቡት ከመድረክ ላይ ነው። በ1962 ጌታ አምስት ሺህ ሕዝብ በጥቂት እንጀራ እንዴት እንደመገበ ሰበኩና፣ ከምእመናኑ መካከል ለ36 ወራት በየወሩ 10 ዶላር የሚያዋጡ 50 ሰዎች ጠየቁ። ከ200 በላይ ሆነው ተነሡ። አንድ ሰው በሦስት ዓመት የሚሰጠው 360 ዶላር ሲሆን፣ 200ው ለትርፍ በተቋቋመ ድርጅት አክሲዮን፣ 160ው ለበጎ አድራጎት ሥራ ሆነ። በዚያ ገንዘብ መጀመሪያ መኖሪያ ቤቶች፣ በ1968 ደግሞ በብሮድ ጎዳና ላይ ፕሮግሬስ ፕላዛ የተባለ የገበያ ማዕከል ተሠራ። እቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ ዕጣው የወጣው ለመላው ሰፈር መሆኑ ነው።

በ1967 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ራሳቸው ኦ.አይ.ሲ.ን መጥተው አዩ። ማዕከሉ ወደ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ፤ ባሕር ተሻግሮም ናይጄሪያና ጋና ገባ፤ ኢትዮጵያም ደረሰ። ሱሊቫን በ1971 የጄኔራል ሞተርስ የዲሬክተሮች ቦርድ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆኑ፤ በ1977 ደግሞ በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ለሚሠሩ ድርጅቶች በስማቸው የሚጠራውን መመሪያ አወጡ። ድካምም አልጠፋም። ማዕከላቱ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ እየተደገፉ ስላደጉ፣ በ1980ዎቹ ለሥራ ሥልጠና የሚሰጠው በጀት ሲቀነስ ብዙዎቹ ተጎዱ። ከቤተ ክርስቲያን 10 ዶላር የተገነባው ፕላዛ ግን እስከ ዛሬ በቦታው ቆሟል፤ አሁን የሱሊቫንን ስም ይዟል።

የእምነት ድርጅቶች ሥራ በማስያዝ ረገድ ብዙ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የነኩበት ሌላ መንገድም አለ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ከሱዳን መጠለያ ጣቢያዎችና ከሌላም ቦታ የመጡ ኢትዮጵያውያንን ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቸርች ወርልድ ሰርቪስ፣ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ፣ የሉተራን የስደተኞች አገልግሎትና ሂያስ የተባለው የአይሁድ ድርጅት ያሉ ተቋማት ናቸው። ሥራቸው ከመንግሥት ጋር በውል የታሰረ ነበር፤ የመጀመሪያው ድጋፍ የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ቀን ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤት ይገኝ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባ፣ አባወራው ወይም እማወራዋ ሥራ ይይዙ ነበር። በዚያ ፍጥነት የሚገኝ ሥራ ደግሞ የሆቴል ጽዳት፣ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ፣ የፋብሪካ ማሸጊያ ነበር። በአገሩ መሐንዲስ ወይም መምህር የነበረ ሰው ለመጀመሪያው ደመወዝ አምላኩን ያመሰግናል። ዓመታት ሲያልፉ ግን በሌሊት ፈረቃ መካከል አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ እኔ የተፈጠርኩት ለዚህ ነው?

ይህን ጥያቄ የ90 ቀን መርሐ ግብር አይመልሰውም፤ እንዲመልሰውም አልታሰበም። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ብዙ ደግ ሥራ ይሠራሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ በቡና ዙሪያ «እነ እገሌ ቤት ሰው ይፈልጋሉ» የሚለው ወሬ ስንቱን ሥራ አስይዟል። ስለ ጥሪ ግን ምክር እንጂ ጥያቄ አንወድም። አንድ ወጣት «ምን ልሁን?» ሲል አጎት ይመክራል፤ የንስሐ አባት ይመክራሉ፤ ጎረቤት ይመክራል። «ነርሲንግ ግቢ»፣ «የኮምፒውተር ነገር ያዋጣል» ይባላል። የሚጠይቅ ሰው ግን አይገኝም።

መጠየቅን ብቻ ሥራዬ ያለ ሃይማኖታዊ ልማድ የሚገኘው ከሱሊቫን ማዕከል ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያችው በፊላደልፊያ አካባቢ በኩዌከሮች ዘንድ ነው። የዚያ አካባቢ ኩዌከሮች ሲያመልኩ ብዙውን ጊዜ በዝምታ ይቀመጣሉ፤ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ የሚያስተምር ብርሃን አለ ብለው ያምናሉ። ከዚህ እምነት የወጣ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት ሊጋቡ የሚፈልጉ ሰዎችን ለመመርመር የተጀመረ አንድ ጉባኤ አላቸው። አማርኛ ስም ቢወጣለት «የማጥሪያ ጉባኤ» ሊባል ይችላል፤ ውኃ ረግቶ እንደሚጠራ ማለት ነው። ኋላ ሥራ ለሚለውጥ፣ ጥሪውን ለሚፈልግ ሰውም ይጠቀሙበት ጀመር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ ጉዳዩ የሚያምናቸውን አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ራሱ ይመርጣል። ያስጨነቀውን ነገር አስቀድሞ ጽፎ ይሰጣቸዋል። ተሰብስበው በዝምታ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል የሚፈቀድላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅን ጥያቄ መጠየቅ። ምክር መስጠት ክልክል ነው። «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» ብሎ የራስን ታሪክ መተረክ ክልክል ነው። ጥያቄ አስመስሎ ምክር ማቅረብም፣ ለምሳሌ «ሐኪም ብታማክር አይሻልም ወይ?» ማለት፣ ክልክል ነው። ጥያቄው ጠያቂው መልሱን የማያውቀው መሆን አለበት። ባለ ጉዳዩ መልስ ሲያጣ ዝም ማለት ይችላል፤ ዝምታውን የሚያቋርጥበት የለም። ሞክሮ ያየ ሰው የሚመሰክረው ዝም ማለቱ ከመጾም እንደሚከብድ ነው፤ ምላስ ላይ የመጣን ጥሩ ምክር መዋጥ ቀላል አይደለምና።

ጸሐፊና መምህር ፓርከር ፓልመር ይህን ጉባኤ በሰፊው ያሳወቁ ሰው ናቸው። በፊላደልፊያ አቅራቢያ ባለው ፔንድል ሂል በተባለ የኩዌከሮች የትምህርት ማዕከል ለዓመታት ሲኖሩ፣ የአንድ አነስተኛ የትምህርት ተቋም ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ ተጠየቁ። ደስ አላቸው፤ እሺ ለማለት ወስነዋል። እንደ ልማዱ ግን ወዳጆቻቸውን ሰበሰቡ። ጥያቄዎቹ መጀመሪያ ቀላል ነበሩ፤ ስለ ተቋሙ ዓላማ፣ ስለ ዕቅድ። ከዚያ አንዱ ፕሬዚዳንት መሆን ምኑ በጣም እንደሚያስደስታቸው ጠየቃቸው። ፓልመር ማሰብ ጀመሩ። ጽሕፈታቸውንና ማስተማራቸውን መተው እንደማይወዱ ተናገሩ። የተቋም ፖለቲካ እንደማይወዱ ተናገሩ። ጠያቂው በእርጋታ የጠየቃቸው የሚወዱትን እንጂ የሚጠሉትን እንዳልሆነ አሳሰባቸው። ቀጠሉ፤ የክረምት ዕረፍታቸውን ማጣት አይወዱም፤ በየቀኑ ከረባት ማሰር አይወዱም። ጠያቂው እንደገና ያንኑ አሳሰበ። በመጨረሻ ከሆዳቸው የወጣው እውነት በጣም ትንሽ ነበር፦ ፎቶግራፋቸው ከሥሩ «ፕሬዚዳንት» ከሚል ቃል ጋር በጋዜጣ ላይ ቢወጣ ደስ ይላቸዋል።

ማንም አልሳቀም። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ያው ጠያቂ ፎቶግራፋቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ከዚህ የቀለለ መንገድ ይታያቸው እንደሆነ ጠየቀ፤ ያኔ ሁሉም ሳቁ። ወደ ተቋሙ ደውለውም ስማቸው ከዕጩነት እንዲወጣ ጠየቁ። ይህን ታሪክ በ2000 ባወጡት፣ ስለ ጥሪ በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ሳይደብቁ ተናግረውታል። ማስተማሩንና መጻፉን ቀጠሉ፤ በኋላም ያንኑ የጥያቄ ጉባኤ ለደከሙ መምህራን፣ ለሐኪሞችና ለአገልጋዮች በሚያዘጋጁት ጉባኤ ውስጥ አስገቡት።

ሱሊቫን አሁን ቢኖሩ ምናልባት ይህን ታሪክ ሰምተው፣ ሥራ የሌለው ሰው የፕሬዚዳንትነት ዕጩነት እንደማይተው ያስታውሱ ነበር፤ ልክም ናቸው። ሆኖም የመኪና ማቆሚያ ጠባቂው ከፈረቃው በኋላ የሚጠይቁት ስድስት ወዳጆች ቢሰበስብ የሚያጣው ነገር የለም። ለማጥሪያ ጉባኤ ሕንፃ አያስፈልገውም። ወንበር፣ ሦስት ሰዓት፣ ምክሩን የሚውጡ ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ፤ በየማኅበሩ፣ በየጽዋው፣ በየጀማዓው እንዲህ ያሉ ሰዎች ቀድሞም ተሰብስበዋል።

ጉባኤው ሲያበቃ የሚጠበቁ ሁለት ደንቦች አሉ። የተባለው ከክፍሉ አይወጣም፤ ይህን ብዙ ሰው ይገምታል። ሁለተኛው ግን የሚገርም ነው። ከጠያቂዎቹ አንዱ በማግስቱ ባለ ጉዳዩን መንገድ ላይ ቢያገኘው፣ እሱ ራሱ ነገሩን እስኪያነሣ ድረስ፣ «ትናንት ያልከው ነገር እንዴት ሆነ?» አይለውም። ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል፤ ያልፋል።